እትዬ ሸምሲያ እና ሁለተኛዋ «ን»

እትዬ ሸምሲያ ማረፋቸውን ልጃቸው ሙና ደውላ ስትነግረኝ፣ ከልቅሶ በፊት ከአፌ ያመለጠው «መስኮቱ ክፍት ነበር?» የሚል ጥያቄ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ስልኩን ጆሮዬ ላይ በዘጋው ነበር። ሙና ግን እያለቀሰች ሳቀች። «ማን ደፍሮ ይዘጋዋል አስካለ?» አለችኝ።

ቡታጅራ ውስጥ እሳቸውን በአባታቸው ስም የሚያውቅ ብዙ ሰው ያለ አይመስለኝም። «ሸምሲያ ራዶን» ነበር የሚባሉት። አንዳንዱ ለማሾፍ ይለዋል፣ ሌላው ሰው ሲል ሰምቶ ይለዋል። አዲስ መጪ ሰው ደግሞ ራዲዮ የሚሸጡ እየመሰለው ሊገዛ ይመጣ ነበር። እሳቸው በዚህ ስም አንድም ቀን አልተቆጡም። «ይበሉኝ፤ የሚሉትን አያውቁትም እንጂ ስሙስ ትክክል ነው» ይሉ ነበር። እኔ አሁን ወልቂጤ አግብቼ እኖራለሁ፤ ያኔ ግን ቡታጅራ መናኸሪያው አጠገብ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ነበረኝ። የእሳቸው ቤት ከሱቄ ጀርባ ስለነበር ነገሩን ከጥንስሱ አውቀዋለሁ።

ባለቤታቸው ጋሽ ነስሩ ጫማ ነጋዴ ነበሩ፤ ረጋ ያሉ፣ ሶላት የማያሳልፉ ሰው። ከርጋታቸው የሚያወጣቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሲጋራ። የሚያጨስ ደንበኛ ሲመጣ ጫማውን በራፉ ላይ ያስቀምጡለትና «እዚያው ሆነህ ለካው» ይሉታል። ከሱቃቸው ፊት ለፊት ከድር የሚባል ራዲዮ ጠጋኝ ነበር፤ መበየጃውን በአንድ እጁ፣ ሲጋራውን በሌላ እጁ የሚይዝ። ጋሽ ነስሩ ሰው ፊት «ከድር፣ ሳንባህን ራስህ እየጠበስከው ነው» ይሉታል። ከድር ይስቃል፤ ሳቁ ግን ከጥርሱ አያልፍም ነበር።

ጋሽ ነስሩን ሳል ያዛቸው፣ ከሱ፣ አዲስ አበባ ተወሰዱ፣ ሳንባቸው ነው ተባለ። ሐኪሙ መጀመሪያ «ያጨሱ ነበር?» ብሎ ጠየቀ። ሐኪም ይህን መጠየቁ ሥራው ነው። ግን ያቺ ጥያቄ ከአስከሬኑ ቀድማ ቡታጅራ ገባች፤ ለቅሶው ሳያልቅም መልስ ሆና ቁጭ አለች።

«ያላጨሰ ሰው ሳንባው እንዲህ አይሆንም» አለ ከድር። «እዚያ ጓሮ ክፍል ውስጥ ዘግቶ ምን ይሠራ ነበር ታዲያ?»

ክፍሏን ብዙ ጊዜ ገብቼባታለሁ። ቤቱ ተዳፋት ላይ ስለተሠራ የኋላዋ ክፍል ግማሿ መሬት ውስጥ ናት። ወለሏ ሲሚንቶ ነው፣ ተሰነጣጥቋል። መዳፍ የምታክል መስኮት ነበረቻት፤ እሷንም ጋሽ ነስሩ ብርድ ፈርተው በጣውላ መርገዋታል። በሐሩር ቀዝቃዛ ስለሆነች ቀን ያርፉባታል፣ ቁርአን ይቀሩባታል፣ ማታም የሚተኙት እዚያው ነው። «ቀብሬን ከአሁኑ ለመድኩት» እያሉ ይቀልዱባት እንደነበር እትዬ ሸምሲያ ከጊዜ በኋላ ነግረውኛል።

የከድር ወሬ ለቅሶ ቤት ድረስ ገብቶ እትዬ ሸምሲያ ሰሙት። «ባሌ ሲያጨስ እኔ አፍንጫ አልነበረኝም?» ብለው ጠየቁ። ሰው እርስ በእርሱ ተያየ። ያ መተያየት ነው ያንገበገባቸው።

«መሞቱ የአላህ ነው፣ እቀበላለሁ» አሉኝ አንድ ቀን የሱቄ ደረጃ ላይ ተቀምጠው። «ሰውን ሲከለክል ኖሮ ራሱ ተደብቆ ያጨስ ነበር ከተባለ ግን ሙናፊቅ ነው ማለት ነው። አፉ ሌላ፣ ልቡ ሌላ። ነስሩን ሙናፊቅ አስብዬ አልሞትም። ወላሂ አልሞትም!»

ከዚያ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ሱቄ ውስጥ ቁጭ ብዬ ማመልከቻ ስመታ፣ እትዬ ሸምሲያ ጎመን የሚከትፉበትን ቢላ እንደያዙ ዘለው ገቡ። ፎቶ ኮፒ የሚያስነሳው ደንበኛዬ ወረቀቱን ጥሎ ሊወጣ ምንም አልቀረው።

«አስኩ! መፍትሔው ምንድን ነው?»

«የምኑ እትዬ?»

«የራዶኑ!»

ነገሩ እንዲህ ነው። ጎመናቸውን እየከተፉ ራዲዮ ሲሰሙ የጤና ፕሮግራም መጣ። ተናጋሪው «ከአፈርና ከድንጋይ የሚወጣ ራዶን የሚባል ጋዝ አለ» አለ። አይታይም፣ አይሸትም፤ በተዘጋ ቤት ውስጥ ይጠራቀማል፤ አጭሰው የማያውቁ ሰዎችን እንኳን ሳንባቸውን ሊጎዳ ይችላል። «መፍትሔው ደግሞ…» ሲል መብራት ጠፋ።

መብራቱ ሲመለስ ዘፈን ነበር። ጣቢያው ጋ ደወልን፤ ፕሮግራሙ አልፏል፣ ካሴቱም ሌላ ተቀርጾበታል አሉን። ኢንተርኔት ያኔ በእኛ ከተማ ብርቅ ነበር። እትዬ ሸምሲያ የሻርፓቸውን ጫፍ ቋጠር አደረጉ። ያላለቀ ነገር ሲኖርባቸው ልማዳቸው ነው፤ ነገሩ ካላለቀ ቋጠሮው አይፈታም፣ ሻርፑ ቢታጠብም አይፈታም።

መጀመሪያ የጠየቋት ቤት ለቤት የምትዞረዋን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነው። ልጅቷ ጨዋ ነበረች፤ አስባ አስባ «እትዬ፣ ራዶን የሚባል ነገር እኛ የምናስተምረው ፓኬጅ ውስጥ የለም» አለቻቸው።

«ባሌስ የሞተው ፓኬጁ ውስጥ ገብቶ ነው? አስገቡት እንጂ!» አሏት።

ቀጥሎ ማመልከቻ ሆነ። እኔ ነኝ የመታሁት። «ራዶንን የሚለካ ባለሙያ ቤቴ ድረስ እንዲላክልኝ» ይላል። አሁን ልብ በሉ። በእኛ አካባቢ ራዲዮን ብዙ ሰው «ራዶ» ነው የሚለው። «ራዶን ክፈተው»፣ «ራዶን ዝጋው» ይላል። ስለዚህ የጋዙ ስም ብቻውን ሲጠራ ራሱ ራዲዮ ይመስላል፤ ከራዲዮ የምትለየው ያቺ መጨረሻ ላይ የምትጨመረው ሁለተኛዋ «ን» ናት። የከተማው ጤና ቢሮ ጸሐፊ ማመልከቻዬን አየ፣ ቀይ እስክሪብቶ አነሳ፣ ሁለተኛዋን «ን» ሰረዛት።

«ጽሕፈት ቤት ከፍተሽ ፊደል ትደጋግሚያለሽ?» አለኝ።

እኔ ቀልቤ ተገፈፈ፣ ፊደል ላይ ኩራተኛ ነኝ። እትዬ ሸምሲያ ግን ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መቱት። «መልስ! ሁለቱም ያስፈልጉኛል! አንዷ የስሙ ናት፣ አንዷ የእኔ ናት!»

«እማማ፣ ጉዳዩ የራዶ ከሆነ የጥገና ነው» አለ ሰውዬው ወረቀቱን እያጠፈ። «ከድር ጋ ይሂዱ። በዚህ ከተማ ራዶን የሚያውቅ እሱ ነው።»

እንዳይሄዱ ለመንኳቸው። «ሂጂ ያሉኝ ቦታ ሁሉ ሄጃለሁ፣ እሱን ለምን እዘላለሁ?» ብለው ሄዱ፤ እኔም ተከተልኳቸው። ከድር የሰማውን ሰምቶ ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ መንገደኛም ቆሞ ሳቀ። «ራዶን አምጪዋ እትዬ፣ ከፍቼ ልየው! ሰውዬው ማጨሱን አምነሽ ብትገላገዪስ?» እትዬ ሸምሲያ የደንበኛ በርጩማ ሳቡና ተቀመጡ። «ሳቅህን ጨርስ፣ እጠብቃለሁ» አሉት። እስኪጨርስ ድረስ ዓይኑን እያዩ ጠበቁት። ሰው ሲጠብቁት መሳቅ እንዴት እንደሚከብድ ያየሁት ያን ቀን ነው። ስሙ ግን ከዚያው ቀን ጀምሮ ተለጠፈባቸው፤ ልጁም አዋቂውም «ሸምሲያ ራዶን» አለ።

በዚያ ዘመን ስብሰባ አይጠፋም ነበር፤ የልማት፣ የመልካም አስተዳደር፣ የግምገማ። እትዬ ሸምሲያ አንዱም አያመልጣቸውም። እጃቸውን ሲያወጡ ሰብሳቢው ጣሪያ ጣሪያውን ማየት ይጀምራል። ስለ መንገድ ሲወራ ራዶን፣ ስለ ግብር ሲወራ ራዶን። አንዱ ከኋላ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ሲል ሰምተው ዞር አሉ። «ሞኙም እኔ ነኝ፣ ወረቀቱም የእኔ ነው። አንተ ምን አስለቀቀህ?» አሉት። እውነቱን ልናገር፣ እኔ ያን ጊዜ እጅግ ወደድኳቸው። እኛ ሁላችን አንድ ቢሮ «ነገ ተመለሱ» ሲለን አንገታችንን ደፍተን ነገ የምንመለስ ሰዎች ነበርን። እሳቸው አንገታቸው አይደፋም ነበር።

ነገሩ የሙት ስም ጉዳይ ብቻ ሆኖ አልቀረም። ሙና አርግዛ ነበር። የበኩር ልጇን እናቷ ቤት ልትወልድ መምጣቷ ነው። ዘመዱ ሁሉ አራሷ የምትተኛበትን ተስማምቶ ጨርሷል፤ የአባቷ ክፍል። ንፋስ አይገባም፣ ጸጥ ያለ ነው፣ ለአራስ ከዚህ የተሻለ የት ይገኛል? እትዬ ሸምሲያ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው አመድ መሰለ። በማግስቱ «ተነሺ፣ ዞን እንሄዳለን» አሉኝ።

ደጋውን አቋርጠን፣ አረቅጥን አልፈን፣ ጉንችሬ ላይ መኪና ቀይረን ወልቂጤ ገባን። የመጀመሪያው ቢሮ ጥበቃ «የራዲዮ ከሆነ ኮሙኒኬሽን ነው» ብሎ መለሰን። ኮሙኒኬሽን ያገኘነው ሰው ደግሞ ዜና የመጣልን መስሎት ካሜራ ሊያመጣ ተነሳ። ከቢሮ ቢሮ ስንንከራተት መጨረሻ ላይ የማዕድን ነገር የሚሠራበት ክፍል ውስጥ አንዲት ወጣት ባለሙያ አገኘን። ያን በቀይ እስክሪብቶ የተሰረዘበትን ማመልከቻ ተቀበለች፣ አነበበች፣ ቀና አለች።

«ይቺ 'ን' ለምን ተሰረዘች? ራዶንን ለማለት ነው አይደል?»

እትዬ ሸምሲያ ጠረጴዛውን ዞረው ሄደው ግንባሯን ሳሟት።

ልጅቷ አላጋነነችም፣ አልደበቀችም። መለኪያ እንደሌላቸው ነገረችን፤ በዞኑ ቤት ለቤት ሲለካ ሰምታም እንደማታውቅ፣ እሷም ስለ ጋዙ የተማረችው ዩኒቨርሲቲ እያለች መሆኑን ነገረችን። ጉዳቱ ቀስ ብሎ፣ በብዙ ዓመት ነው የሚመጣው አለች። «ባለቤትዎን የገደለው እሱ ነው ማለት ግን አልችልም፣ እማማ።»

«ነው በይ አላልኩሽም። ይችላል ወይ ነው የምልሽ።»

«ይችላል።»

«ያላጨሰውን ሰው?»

«ያላጨሰውንም።»

እትዬ ሸምሲያ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ከዚያ ለዓመታት የያዙትን ጥያቄ አወጡት። «መፍትሔው ደግሞ… ምን?»

«ማናፈስ ነው እማማ። ፊት ለፊት የሚተያዩ መስኮቶች ይከፈቱ፣ አየር ይተላለፍ፣ የወለሉ ስንጥቅ ይደፈን። መሬት ውስጥ የገባው ክፍል መኝታ አይሁን። ጨርሶ ያጠፋዋል አልልዎትም፤ ይቀንሰዋል። መለኪያው እስኪመጣ ቁጭ ብለው አይጠብቁ።»

«መስኮት ክፈቱ ለማለት ነው መብራት የጠፋው?» አሉ እትዬ ሸምሲያ። እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጠው የሻርፓቸውን ቋጠሮ ፈቱ። ከርሮ ስለነበር ጥርሳቸውን ተጠቀሙ። ከዚያ አለቀሱ፤ ባላቸው ሲሞት ካለቀሱት የበለጠ አለቀሱ።

ስንመለስ አረቅጥ ላይ ጉም ወርዶ ነበር። ሚኒባሱ ጢም ብሎ ሞልቷል፣ መስኮቱ ሁሉ ተዘግቷል፣ አገራችን እንደምታውቁት ነው፤ ሰው እርስ በእርሱ ትንፋሽ ሲቀባበል ይጓዛል እንጂ መስኮት አይከፍትም። እትዬ ሸምሲያ ከፈቱት።

«ዝጊው! ብርድ ነው! ሹፌር፣ እኚህ ሴትዮ ሊጨርሱን ነው!»

«የሚበርደው ጋቢውን ይልበስ» አሉ ሳይዞሩ። «የሚታፈን ምን ይለብሳል?»

 የጉመርን ቁልቁለት እየተንቀጠቀጥን ወረድን፤ እኔም ጥርሴ እየተንገጫገጨ ኮራሁ።

ግንበኛ ጠርተው የጋሽ ነስሩን ክፍል ጣውላ አስነቀሉ፣ ግድግዳውን አስፈርሰው ሰፊ መስኮት አስወጡ፣ ወለሉን አስደፈኑ። የሙናን አልጋ ግን እዚያ አላስገቡትም፤ ከፊት ያለውን ሳሎን ሰጧት፣ ትይዩ መስኮቶቹን ከፈቱ፣ አልጋዋን ንፋስ ከማያገኘው ጥግ አስጠግተው ልጁንም እናቱንም በብርድ ልብስ ጠቀለሉ። አራስ ጥየቃ የመጡ ሴቶች በራፍ ላይ ሲደርሱ ክው አሉ። አራስ ቤት ክፍት መስኮት! አንዷ «ሸምሲያ አብዳለች፣ ልጇን በንፋስ ልታስመታት ነው» ብላ ገንፎውን አስቀምጣ ሄደች። ሙና ራሷ ፈርታ ነበር። እናቷ ግን ሊሰሟት አልፈቀዱም። «አባትሽን ብርድ እንዳይነካው ዘግቼ አስተኛሁት። አንቺን አልዘጋብሽም» አሏት።

የአቂቃው፣ ለልጁ በግ የሚታረድበት ድግስ ዕለት ግቢው ሞላ። ከድርም እንደ ጎረቤት ተጠርቶ መጣ። በልቶ፣ መርቆ፣ ሲወጣ ሳሎኑ በር ላይ ቆም አለና ለሽማግሌዎቹ ጮክ ብሎ «መስኮቱን አስዘጓት እንጂ! ነስሩን የገደለው ሲጋራ ነው፤ እሷ በራዶ ወሬ ሕፃኑን ብርድ ታስመታለች» አለ።

 እትዬ ሸምሲያ ከወጥ ቤት ወጡ። ይጮሃሉ ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ድምፃቸው ግን ዝግ ያለ ነበር።

«ከድር፣ ነስሩን ሲጋራ ነው የገደለው?»

«ነዋ።»

«ክፍሉ ምንም የለውም?»

«ምን ይኖረዋል!»

«አልሐምዱሊላህ። እንግዲያውስ ግባበት። ጣውላውን መልሼ እመታልሃለሁ፣ መስኮቱን እንደ ድሮው እመርግልሃለሁ። እንግዳዬ ነህ፤ ምግብህን አመጣለሁ፣ ቡናህን አመጣለሁ። አንድ ወር ብቻ ተኛበት። ከዚያ በሰው ሁሉ ፊት ባሌ አጭሷል ብዬ እመሰክራለሁ።»

ከድር ፈገግ ለማለት ሞከረ። ዓይኑ ወደ ጓሮው፣ ወደዚያች ግማሿ መሬት ውስጥ ወዳለች ክፍል ሄደ። «እኔ… ሱቅ አለብኝ» አለ።

«ማታ ማታ ብቻ ተኛ።»

«ልጆች አሉብኝ እትዬ።»

«ነስሩም ልጅ ነበረችው።»

አንድ ወር ሰው እንደማይጎዳ ባለሙያዋ ነግራናለች፤ እኔም አውቃለሁ፣ እትዬ ሸምሲያም ያውቃሉ። ከድር ግን አያውቅም። ላቡን በክንዱ ጠረገ፣ ኮፍያውን አስተካከለ፣ አልገባም። ሽማግሌዎቹ አዩት። ያ ለቅሶ ቤት ውስጥ የነበረው መተያየት ተመልሶ መጣ፤ አሁን ግን ሰው የሚያየው ከድርን ነበር።

እትዬ ሸምሲያ ወደ እኔ ዞሩ። «አስኩ፣ ያ ጸሐፊ እውነቱን ነው ለካ። ራዶንን የሚያውቅ ከድር ነው ብሎኝ አልነበር? ይኸው፣ ለካልኝ።»

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ከድር በዚያ ሳቅ መሐል አልፎ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ጋሽ ነስሩ አጭሰዋል የሚል ሰው አልሰማሁም። ከድርም አላለም፤ ግን ተሳስቼ ነበር ሲልም አልተሰማም። እትዬ ሸምሲያም አልጠየቁትም። መለኪያው እስከ ዛሬ አልመጣም፤ እሳቸው ግን በየስብሰባው እጃቸውን ማውጣታቸውን አልተዉም። ሰፈሩ ውስጥ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው «የሸምሲያ መስኮት» እያለ ትይዩ መስኮት ማስወጣት ለመደ። ስለ ጋዙ የሰማውን አምኖ ነው ወይስ ምላሳቸውን ፈርቶ፣ አላውቅም።

ለቅሶ ለመድረስ ከወልቂጤ ስነሳ ክረምት ነበር። አረቅጥ ላይ ስንደርስ የሚኒባሱን መስኮት ከፈትኩ። ጮሁብኝ፤ አልዘጋሁም።

ለቅሶ ቤቱ ያ ሳሎን ነው። ሙና ጥግ ላይ ተቀምጣለች፣ መስኮቶቹ ሁለቱም ክፍት ናቸው፣ ዝናብ ያዘለው ንፋስ ይገባል። ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ወጣት ዘመድ ብርዱ ሲበረታበት ተነሳና የመስኮቱን መዝጊያ ያዘ።

«ተወው» አለ አንድ የሰለለ ድምፅ። ከድር ነበር። አርጅቷል፣ ምርኩዝ ይዟል፣ መስኮቱ ሥር ነው የተቀመጠው።

«ብርድ ነው እኮ አባባ።»

«የሚበርደው ጋቢውን ይልበስ።»

ወጣቱ ግራ ተጋብቶ ተቀመጠ። ከድር ምርኩዙን ተደግፎ ወደ ሙና ዞረ። ከዚያ፣ ማንም ምንም ሳይጠይቀው፣ ሙና እንድትሰማ ድምፁን ከፍ አደረገ።

«ነስሩ አላጨሰም» አለ።